አልጋው መጣ፣ አልጋው ሄደ

ጥፋቱ የዜማው ማማር ነው። ዜማው እንደ ነገሩ ቢሆን ኖሮ ሰው ለወጉ አጨብጭቦ፣ ካፖርቱን ለብሶ፣ ወደ ቤቱ በሄደ ነበር። ግን ዜማ ሠሪዋ ድሮም እጇ ወርቅ ነው የሚባልላት ናት፤ ያን ሰሞን ደግሞ እጇ ላይ ልቧን ጨመረችበት። አንዴ የሰማው ሰው ጥርሱን ሲፍቅ ያንጎራጉረዋል፣ ደረጃ ሲወጣ ያንጎራጉረዋል። ልምምዱ ገና ሳይገፋ የቲያትር ቤቱ ጽዳት ሠራተኞች መወልወያቸውን በዜማው ምት ይገፉ ጀመር። አዘጋጁ ይህን አይቶ መዳፎቹን አፋተገ። ዜማ ሠሪዋም፣ ለምን ይዋሻል፣ ደስ አላት።

ሥራው ሙዚቃዊ ተውኔት ነበር፤ ስለ አልጋው ቅሌት። የአልጋውን ቅሌት የማያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ አልነበረም። ሚኒስትሩ አዲስ ሆስፒታል ሊመርቁ ቀን ቆረጡ። ሕንጻው አለ፣ ቀለሙ አለ፣ ሪባኑ አለ፤ አልጋ ግን የለም። ለምን እንደሌለ የሚያውቁት ያውቁታል፣ አይናገሩትም እንጂ። እና ምን ተደረገ? ከከተማው ማዶ ካለው አሮጌ ሆስፒታል አልጋዎቹ ከነፍራሻቸው ለአንድ ቀን ይምጡ ተባለ። በሽተኞቹስ? በሽተኞቹማ ወለል ላይ ይቆያሉ፤ ለአንድ ቀን አይደል? መኪናዎቹ ጫኑ፣ ካሜራዎቹ አነሱ፣ ሚኒስትሩ አንዱን ፍራሽ በመዳፋቸው ጫን ጫን አድርገው ለሕዝብ ፈገግ አሉ። አልጋዎቹ ግን በማግስቱም አልተመለሱ፣ በሳልስቱም አልተመለሱ። ሌላ ትልቅ ጎብኚ ይመጣል ተባለና እዚያው ተነጥፈው ቆዩ። ወቅቱ የብርድ ነበር። በአሮጌው ሆስፒታል ወለል ላይ አንዲት ሴት ሞተች።

ጋዜጠኞች ደረሱበትና አገሩ ሁሉ ጉድ አለ። ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ቀርበው በጣም ማዘናቸውን ተናገሩ፤ እሳቸው የሚያውቁት ነገር እንደሌለ፣ አልጋዎቹን አሳልፎ የሰጠው የአሮጌው ሆስፒታል የግምጃ ቤት ኃላፊ እንደሆነም ጨመሩ። ከዚያ ሚኒስትሩ ወደ ሌላ ወንበር ተዛወሩ፣ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ወደ እስር ቤት።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የዜማ ሠሪዋ ታላቅ ወንድም ነው። እናትና አባታቸው ካለፉ በኋላ ያሳደጋት፣ ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ ጎረቤት ሁሉ "ይቺ ልጅ ስፌት ብትማር አይሻላትም?" ሲል "እሷ ሙዚቃዋን ትማር" ብሎ የተሟገተላት እሱ ነው። እሷ ጋሼ ትለዋለች፣ እሱ እታለም ይላታል። ዛሬም አብረው ነው የሚኖሩት።

ከእስር ሲወጣ ፀጉሩ ከመሸበቱ በስተቀር ያው ነበር። ያልታሰበው ውጭ ያለው ሰው ነው። እሱ በሌለበት ከተማው ስም አውጥቶለት ጠበቀው፤ "አልጋ አከራዩ"። መጀመሪያ ቀን ሱቅ ሄዶ ሳሙና ሲጠይቅ ባለሱቁ "ሳሙናውስ አለ፤ አልጋ ይኖራል?" አለው። ሱቅ ውስጥ ያሉት ሳቁ፣ እሱም አብሯቸው ሳቀ። በሌላ ቀን አውቶቡስ ላይ እንደዚያው ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት ሰው ከመነሳቱ በፊት ዳቦውን ገዝቶ የሚገባ፣ ከዚያ ወዲያ ከበር የማይወጣ ሰው ሆነ። ቤት ውስጥ ግን ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ ልክ ሥራ እንደሚገባ ሰው ተስተካክሎ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። እሷን የሚያንገበግባት ይሄ ነበር። ቢቆሽሽ፣ ቢጠጣ፣ ቢሳደብ ይሻላት ነበር።

ስለዚህ ተውኔቱን ለአዘጋጁ ያቀረበችው እሷ ናት። ማንም አልለመናትም። አዘጋጁ አንገቱ ላይ ሻርፕ የማይጠፋ፣ አፉ የሚፈጥን፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው ነው።

"እውነቱን እናውጣው" አለችው። "ጋሼ አልጋ አላከራየም። ሕዝቡ ይወቀው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"እውነቱን ብቻ ካልሽ አዳራሹ ባዶ ነው የሚሆነው" አላት። "ሰዉ የራሱ ለቅሶ ሞልቶት፣ የሌላ ሰው ለቅሶ ፍለጋ ትኬት አይቆርጥም። መጀመሪያ እናስቀው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ አንቺ ታውቂያለሽ።"

እሷም አወቀች። ሌሊቱን ሙሉ ሳይሆን ከቲያትር ቤቱ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ባለው መንገድ ላይ ነው የመጣላት። በመጀመሪያው ክፍል የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሰው እንደሚያወራው ዓይነት ሆኖ ይቀርባል፤ ቀልደኛ፣ ፍራሽ በራሱ ተሸክሞ የሚጨፍር። በሁለተኛው ክፍል ያው ሰው፣ ያንኑ ዜማ፣ ቀስ አድርጎ፣ በእውነተኛው ቃል ይዘፍነዋል። ሰዉ የሳቀበትን ዜማ እንደገና ይሰማል፣ ሳቁ ጉሮሮው ላይ ይቀርበታል፣ ያፍራል። ይህ የዜማ ሠሪ ተንኮል ነው፤ ሌላ ሰው አያስበውም። አዘጋጁ ሲሰማ ሻርፑን ፈትቶ መልሶ አሰረው፣ ይህን የሚያደርገው በጣም ሲደንቀው ብቻ ነው።

ቀልደኛውን ድንቡሼ እንዲሠራው ተስማሙ። ድንቡሼ ስሙ አይደለም፤ ግን እናቱም እንደዚያ ነው የምትጠራው። መድረክ ላይ ገና ሳይናገር ሰው የሚስቅለት ሰው ነው። የመጀመሪያው ክፍል ዘፈን አዝማች ይህ ነበር፦

አልጋው መጣ፣ አልጋው ሄደ፣
በመኪና ተጭኖ ነጎደ፤
አልጋው የት ነው? እኔ እንጃ፣
ቁልፍ አለኝ ለመያዣ።

ለሁለተኛው ክፍል ግን ቃል አልነበራትም። አንድ ማታ እራት በልተው ሲጨርሱ ወንድሟን ጠየቀችው። ያን ቀን ምን እንደሆነ እስከዚያች ማታ ድረስ ጠይቃው አታውቅም ነበር፤ እንዳይከፋው እየተባለ ብዙ ነገር ሳይጠየቅ ይቀራል።

"አሁን ምን ያደርግልሻል?" አላት።

"ሰው እንዲያውቅልህ ነው፣ ጋሼ።"

ጠረጴዛውን በጨርቅ እየጠረገ ቆየ። ንጹሕ ነበር፤ እንደገና ጠረገው።

"ስልክ ተደወለ፣ አልጋዎቹን አውጣ ተባልኩ። በሽተኛ የተኛበትን አላወጣም አልኩ። ከዚያ የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ራሱ ከዘበኞች ጋር መጣ። ቁልፉን ከእጄ ወሰዱት። ሲጭኑ ቆሜ አየሁ።"

"ለዳኛው ይህን ለምን አልተናገርክም?"

"'ቁልፉ የነበረው በአንተ እጅ ነው ወይ?' አለኝ። 'አዎ፣ ግን' ስል 'አዎ ወይም አይደለም ብለህ መልስ' አለኝ። አዎ አልኩ፤ ውሸት መናገር አልችልማ።"

"ከዚያስ? ሲጭኑ አይተህ ወደ ቤት መጣህ?"

"መጣሁ። ብርድ ልብሶቹን ሰብስቤ ተመለስኩ። የእኛንም የጎረቤቶቹንም። አልበቃም።"

ያኔ ትዝ አላት። ያን ሰሞን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አልጋዋ ላይ አንሶላ ብቻ አግኝታ "ብርድ ልብሴን ለማን ሰጠህብኝ?" ብላ ተነጫንጫበት ነበር፤ በሱ ካፖርት ተሸፋፍና ነው የሰነበተችው። እሱም "አሳጥቤው ነው" ብሏት ነበር። ውሸት መናገር አልችልም የሚለው ሰውዬ።

በማግስቱ ስንኞቹ መጡ፦

ቁልፉን ነጠቁኝ ከእጄ ላይ፣
በሩ ተከፍቶ ቆሜ ሳይ፤
ከቤቴ አመጣሁ ብርድ ልብስ፣
ላንዷ ደርሶ ላንዷ ላይደርስ።

በልምምዱ ላይ ድንቡሼ ይህን ቀስ ብሎ ሲዘፍነው ሁሉም የያዘውን ይተዋል። ወለሉ ላይ በሽተኛ ሆነው የተኙት ሴት ተዋንያን ተኝተው ያለቅሳሉ። ከበሮ መቺው ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ኮርኒሱን ያያል። አዘጋጁ ሻርፑን ዓይኑ ላይ ያደርጋል። ልምምዱ በተደገመ ቁጥር ለቅሶው ይደገማል። እሷም ይህን አይታ፣ እዚህ ያለቀሰ ሰው ካለ አዳራሹም ያለቅሳል ብላ አመነች። እዚህ ያሉት ሰዎች ግን ድርሰቱን ያነበቡ፣ ወንድሟን በስሙ የሚያውቁት ናቸው። ይህን ማሰብ ነበረባት፤ አላሰበችም።

ያላሰበችው ሌላም ነገር አለ፣ ዋናውም እሱ ነው። ይህ የቲያትር ቡድን ከጥንት ጀምሮ የማይተወው ልማድ ነበረው፤ ማሟሻ ይሉታል። መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ድንቡሼ ብቻውን ወደ ፊት ይወጣል፣ ከሰዉ ጋር ይቀላለዳል፣ የዕለቱን አንድ አዝማች ያስተምራቸዋል። የት ላይ እንደሚያጨበጭቡ፣ የት ላይ ድምፃቸውን ከፍ እንደሚያደርጉ ያለማምዳቸዋል። ከዚያ በመሃል አዝማቹ ሲመጣ አዳራሹ በሙሉ ይዘፍናል። ቡድኑን ከተማው የሚያውቀው በዚህ ልማዱ ነው። ልምምድ ላይ ግን ተመልካች ስለሌለ ማሟሻ የለም። ማሟሻውን ማንም ልምምድ አያደርገውም፤ ድንቡሼ ተኝቶም ይሠራዋል።

"ለማሟሻ የቱን እንውሰድ?" ብሎ አዘጋጁ ሲጠይቅ፣ "የአልጋውን ነዋ" ያለችው እሷ ናት። ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነበር።

ወንድሟን ለማሳመን ብዙ ቀን ፈጀባት። አዘጋጁ ቤት ድረስ መጥቶ ለመነው። "ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ ስምዎን ጠርቼ መድረክ ላይ አወጣዎታለሁ" አለው። "ሰው ሁሉ እውነቱን ሰምቶ ያበቃል። ቆሞ ነው የሚያጨበጭብልዎት።"

"ወጥቼ ምን እላለሁ?"

"ምንም አይሉም። መቆም ብቻ።"

"መቆምስ እችላለሁ" አለ ወንድሟ፣ ትንሽ አስቦ። አዘጋጁ ከወጣ በኋላ ከቁም ሣጥኑ ሙሉ ልብሱን አወጣና መስኮቱ ላይ ሰቅሎ አናፈሰው። በሱ ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ነገር ካየች ብዙ ጊዜዋ ነበር፤ ተስፋ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እሷም ወጥ ቤት ገብታ ትንሽ አለቀሰች፣ በደስታ።

የመጀመሪያው ትዕይንት እሑድ ከሰዓት ነበር። አዳራሹ የድሮ ሲኒማ ቤት ነው፤ ወንበሮቹ ሰው በተነቃነቀ ቁጥር ይንጫጫሉ። ያን ቀን ግን የወንበር ድምፅ የሚሰማ አልነበረም፣ ሰዉ ግጥም ብሎ ሞልቶ ደረጃው ላይ ሁሉ ተቀምጧል። እሷ ከመድረኩ ሥር፣ በግራ በኩል፣ ኪቦርዷ ፊት ተቀምጣለች። ከዚያ ሆና ወንድሟን ታየዋለች፤ ፊት አካባቢ፣ መተላለፊያው ዳር፣ አንዲት ሳቂታ ወፍራም ሴትዮ አጠገብ። ክራቫቱን አስሯል። ማንም አላወቀውም። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ደግሞስ አልጋ አከራዩን ክራቫት አስሮ ማን ይጠብቀዋል?

ድንቡሼ ወጣ። ማሟሻው አማረ። "አልጋው መጣ" ሲል ሁለት ጊዜ ጭብጨባ፣ "አልጋው ሄደ" ሲል ሁለት ጊዜ፣ "እኔ እንጃ" ላይ እጅን ወደ ላይ። ሰዉ ወዲያው ያዘው። አንዴ፣ እንደገና፣ አሁን ሴቶች ብቻ፣ አሁን ከኋላ ያላችሁ። መጋረጃው ሳይከፈት አዳራሹ ሞቀ።

የመጀመሪያው ክፍል እንደታሰበው ሄደ። ድንቡሼ የስፖንጅ ፍራሹን በራሱ ተሸክሞ ሲጨፍር፣ ሚኒስትሩን የሚሠራው ተዋናይ ፍራሹን በጣቱ ሲጫን፣ ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወንድሟም ፈገግ እንዳለ አየች። አስቀድማ ነግራዋለች፤ "መጀመሪያ ላይ ይቀልዱብሃል ጋሼ፣ እንዳይከፋህ፣ ለኋላው ነው" ብላዋለች። እሱም የኋላውን እየጠበቀ ነበር። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው።

ከዕረፍት በኋላ መብራቱ ደበዘዘ። ሴቶቹ ወለሉ ላይ በተርታ ተኙ። ድንቡሼ ያለ ፍራሽ፣ ያለ ባርኔጣ፣ አንድ የታጠፈ ብርድ ልብስ ታቅፎ ወጣ። እሷ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈችና መግቢያውን ጀመረች፤ ቀስ፣ በጣም ቀስ አድርጋ፣ ለወራት እንዳሰበችው።

አዳራሹ ዜማውን አወቀው።

የደስታ ድምፅ ነው የተሰማው፣ የሚያውቁት ሰው ድንገት በር ላይ ሲታይ የሚሰማው ዓይነት። ከመሃል አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አጨበጨበ። ከኋላ ሌሎች ተከተሉት። ከዚያ ሁሉም። ድንቡሼ "ቁልፉን ነጠቁኝ" ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፣ እንዲያ ነው የተለማመደው፤ ሰዉ ግን አዝማቹን ጀምሮለታል። ተማሩ የተባሉትን ነው ያደረጉት፣ አንድም ክፋት አልነበረባቸውም። እሷ ምቱን ወደ ኋላ ትጎትታለች፣ አዳራሹ ወደ ፊት ይጎትተዋል። ከበሮ መቺው ምን ላድርግ በሚል ዓይን አያት። ድንቡሼ ብርድ ልብሱን ሲዘረጋ ሰዉ እንደገና ፍራሽ ሊሸከም መስሎት በሳቅ ፈነዳ። ድንቡሼ መዝፈኑን አላቆመም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ቃሉ ግን እሷ ጋ እንኳ አይደርስም።

እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ሙዚቃው ሲቆም እነሱም ያቆማሉ ብላ ነው። አላቆሙም። ያለ ሙዚቃ፣ በባዶ ድምፅ፣ አዳራሹ በሙሉ እየዘፈነና እያጨበጨበ ቀጠለ። ይህን አንድ ጊዜ ለመስማት ዕድሜ ልካቸውን የሚለፉ ዜማ ሠሪዎች አሉ።

ወደ ወንድሟ ዞረች። እሱ አያጨበጭብም ነበር። ያቺ ሳቂታ ሴትዮ በክርኗ ጎሸም አደረገችው፤ ምን እንዳለችው ከአፏ ይነበባል፣ "አጨብጭብ እንጂ ወንድሜ" ነው። ወንድሟ ሴትዮዋን አያት። ከዚያ እጆቹን ከጉልበቱ ላይ አነሳና አጨበጨበ። ምቱን አልሳተም። "አልጋው መጣ" ላይ ሁለት ጊዜ፣ "አልጋው ሄደ" ላይ ሁለት ጊዜ።

ተውኔቱ አልቆ ተዋንያኑ እጅ ሲነሱ ሰዉ ከወንበሩ ተነሳ። አዘጋጁ በጭብጨባው ሰክሮ፣ ሻርፑ ወደ ትከሻው ዞሮ፣ ወደ መድረኩ ሮጠ። እሷ ከታች ራሷን ነቀነቀችለት፤ ተው፣ ዛሬ ይቅር። አላያትም።

"ወገኖቼ" አለ አዘጋጁ፣ "ይህ ታሪክ የእውነት ነው። እውነተኛው የግምጃ ቤት ኃላፊ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ከመሃላችሁ ተቀምጧል።"

ሰዉ በደስታ አጉረመረመ። ሁሉም ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ ይዞር ጀመር። "የት አለ?" ይላሉ። አንዱ ከደረጃው ላይ "አልጋ ይዞ ነው የመጣው?" አለና አዳራሹ ሳቀ።

ወንድሟም ዞረ። ክራቫቱን አስሮ የተቀመጠው ወንድሟ፣ ልክ እንደ ሌሎቹ ወደ ኋላው ዞሮ፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ፣ ሰውዬውን ይፈልግ ጀመር። በግራ አየ፣ በቀኝ አየ። ሳቂታዋ ሴትዮ "አየኸው?" ሳትለው አልቀረችም፤ እሱ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ይህን ያየች እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ቀን በፊት ልብ ይሰበራል ሲባል አባባል ይመስላት ነበር።

አዘጋጁ በመጨረሻ ወደ እሷ አየ። ፊቷን ሲያይ ነገሩ ገባው። "ይቅርታ" አለ፣ ድምፁ ወርዶ፣ "ወጣ ብሏል መሰለኝ።" ሰዉ ይህንንም አጨበጨበለት። ድንቡሼ ብርድ ልብሱን እንዳቀፈ መድረኩ ላይ ቆሞ እንባው ይወርዳል። የፊት ረድፍ ያሉት "አቤት ትወና" ተባባሉ።

ከመጋረጃው ኋላ ተዋንያኑ ልብሳቸውን በጥድፊያ ያወልቃሉ። ውጭ ግን ሰዉ እየዘፈነ ይወጣል፣ ግድግዳውን አልፎ ይሰማል።

"ማሟሻውን እናወጣዋለን" አለ አዘጋጁ። "ከሚቀጥለው ጀምሮ ሌላ ዘፈን እናስተምራለን። የሁለተኛውንም ክፍል ዜማ ትቀይሪዋለሽ።"

"ዛሬ የሰሙትስ?"

አዘጋጁ ትከሻው ላይ የዞረውን ሻርፕ ወደ ቦታው መለሰ።

"እኔ ነኝ የመረጥኩት" አለችው። "ዜማውንም እኔ ነኝ። አንተ ምንም አላጠፋህም።"

"ሁላችንም እዚያ ነበርን" አለ ድንቡሼ። "እኔ አይደለሁ ያስጨበጨብኳቸው?" ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ቀለሙን መጥረግ ጀመረ።

ወንድሟ በጎን በር በኩል ይጠብቃት ነበር። ፀሐይ ገና አልገባችም። በቀን ብርሃን መንገድ ላይ ቆሞ ካየችው ስንት ጊዜዋ ነው፤ ከአዳራሹ የወጡ ሰዎች በአጠገቡ ያልፋሉ፣ ልጆቻቸው "እኔ እንጃ" እያሉ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። እሱ መንገድ ይለቅላቸዋል። አጠገቡ ስትደርስ ቦርሳዋን ተቀበላት፣ እንደ ሁልጊዜው። አውቶቡስ አንይዝም ሳይባባሉ በእግር ጀመሩ።

"ዜማው ያምራል" አላት፣ ጥቂት እንደሄዱ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ..."

"ተይው። ሰዉ ደስ ብሎታል፣ ምን ይደረጋል።" ዞሮ አዳራሹን አየ። "ያ ድንቡሼ ልጅ መጨረሻ ላይ ምን ነበር ያለው? ብርድ ልብሱን ይዞ። አልሰማሁትም።"

ልትነግረው አፏን ከፈተች፣ ቃሉ ግን ከዜማው ጋር ተጣብቆ መጣባት። ዜማውን ነቅላ ቃሉን ብቻ ለማውጣት ቆም ብላ ትንፋሽ ወሰደች። ከዚያ እንደሚያነብ ሰው፣ እየቆራረጠች አለችለት። ቁልፉን ነጠቁኝ ከእጄ ላይ። በሩ ተከፍቶ ቆሜ ሳይ። ከቤቴ አመጣሁ ብርድ ልብስ። ላንዷ ደርሶ ላንዷ ላይደርስ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማት።

"ደህና አድርገሽ ጽፈሽዋል" አላት።

"ማንም አልሰማውም።"

"አንቺ ሰምተሽዋል።"

ከፊታቸው የሚሄዱ ጥንዶች ዜማውን ያፏጫሉ። ወንድሟ እርምጃውን አዘገየ፣ ጥንዶቹ እስኪርቁ። ጥግ ዞረው ሲጠፉ ቆመ።

"አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ" አላት። "ያቺ የሞተችው ሴትዮ። ያንቺን ብርድ ልብስ ያለበስኩት እሷን ነው። ሳለብሳት እጄን ያዘችኝና 'አንተስ ዛሬ ምን ለብሰህ ታድራለህ?' አለችኝ።"

ክራቫቱን አላላ።

"ከዚያ ወዲያ ስለ እኔ የጠየቀኝ የለም። ዳኛውም፣ ጋዜጠኛውም፣ ማንም። እሷ ብቻ ናት።" ቦርሳዋን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። "እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለአንቺ ነገርኩሽ። ይቺን ግን ዜማ አታብጂላት፣ እታለም።"

"አላበጅላትም" አለችው።